ዕድሜዬን የተደራደርሁበት ዓርብ

በሬ ስሸጥም ስገዛም ያታለለኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የምነግራችሁ ነገር በደንብ እንዲገባችሁ ነው። ስሜ ካሴ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ገብስና ስንዴ ሳርስ፣ በየቅዳሜው ከብት ገበያ ስቆም ኖሬ አረጀሁ። ትምህርቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደግም ያቋረጥሁት ነው። ለማንበብ ይበቃኛል፤ ለመጻፍም ይኸው እንደምታዩት ነው። ሽማግሌ ሁን ሲሉኝም እሆናለሁ፤ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፉ ጎረቤታሞች አስታርቃለሁ።

ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። የሽማግሌ በሽታ ነው። ነውር ነው ብዬ ለሰው አልተናገርሁትም ነበር፤ አሁን ዕድሜዬ ከነውሩ በልጧልና ልናገረው። ሽንት ነው። እንደ ኩሩ እንግዳ ነው፤ ደጅ ድረስ ይመጣና አልገባም ይላል። ደጃችን ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ እለማመጠዋለሁ፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ያቆማል። ተመልሼ ጋቢዬን ሳልከናነብ እንደገና ይጠራኛል። በዚህ የተነሣ ቅዳሴ መቆም ተውሁ። ለቀብር ስሄድ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ቁጥቋጦ ወዳለበት ጠጋ ብዬ ነው። ሽምግልና ስቀመጥማ ባሰ። በነገሩ መሀል ብድግ ስል አንደኛው ወገን፣ «አያ ካሴ ከወዲያኞቹ ጋር ሊመክር ወጣ» እያለ ይጠረጥረኝ ጀመር።

ሚስቴ የሻረግ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ገና ጎረምሳ ነው፤ ቢሆንም ረጋ ያለ ነው።

«አባባ፣ ከፊኛዎ ሥር ያለችው እጢ አብጣ መንገዱን ዘግታዋለች። በቀዶ ጥገና እናስተካክለዋለን። ዝም ካልነው አንድ ቀን ጨርሶ ይዘጋና ኩላሊትዎን ይጎዳል» አለኝ።

«ቢላዋ አለበት?» አልሁት።

«አለበት፣ ግን...» አለ።

ከ«ግን» ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም።

ቀጠሮ ሰጠኝ፤ አጨዳ ደረሰ ብዬ ቀረሁ። ሌላ ሰጠኝ፤ ጥምቀት ነው ብዬ ቀረሁ። የመጨረሻው ለሰኞ ነበር። «አሁንም ከቀሩ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ መቼ እንደሚደርስዎም አናውቅም» አሉን። እኔም ሰኞ ገሳይ ላይ የድንበር ሽምግልና አለብኝ አልሁ። እውነት ነው፣ አለብኝ። ቀኑን የቆረጥሁት ግን እኔው ነኝ። የሻረግ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። እኔ ደግሞ ያቺን ሴት ስትጮህ ሳይሆን ዝም ስትል ነው የምፈራት።

እንግዲህ ዓርብ ረፋድ ላይ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንዲት ወጣት ይዛ መጣች። «ቤዛ ትባላለች፣ ከዩኒቨርሲቲው ናት፣ ጥያቄ ትጠይቅዎታለች» ብላ አስተዋወቀችንና እሷ ወደ ጎረቤት አለፈች። ልጅቱ አገሯ ወደ ደቡብ ነው። ጫማዋን አቧራ ውጦታል፣ ፊቷን ፀሐይ መትቶታል። ደጅ ካለው መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈን አስቀመጥናት። የሻረግ ጠላ ስታቀርብላት፣

«ሥራ ላይ ነኝ እማማ» አለች።

«እኛስ መቼ ሥራ ፈትተን እናውቃለን?» አለችና የሻረግ ጣሳውን እጇ ላይ አስቀምጣላት ወደ ጓዳ ገባች። ገባች ማለቴ ከበሩ ጀርባ ቆመች።

ልጅቱ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። «አባባ፣ ሰዎች ጤናቸውን እንዴት እንደሚመዝኑት ነው የምናጠናው። ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም። እርስዎ የሚሰማዎትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ዋሽቼ ብነግርሽስ?»

ሳቀች። «አይዋሹም።»

አላወቀችኝም።

«በመራመድ በኩል ችግር አለብዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የለብኝም ማለትዎ ነው?»

«አለብኝ እንጂ! ዳገት ላይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።»

«ታዲያ እግዚአብሔር ይመስገን ያሉት...»

«እሱ መልስ አይደለም ልጄ፣ መግቢያ ነው። እሱ ሳይባል እንዴት ወደ ሕመም ይገባል?»

ይህ ገባት። ከዚያ ወዲያ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ባልሁ ቁጥር ጣቷን ከታብሌቱ አንሥታ ትጠብቃለች። ስለ መታጠብና መልበስ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነኝ አልሁ። ስለ ዕለት ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነኝ አልሁ። ስለ ሕመም ስትጠይቀኝ አመሰገንሁ፤ እሷም ጠበቀች፣ እኔም ጠበቅሁ።

«ምንም የለብኝም» አልሁ በመጨረሻ።

«ውሸት ነው!» አለ በሩ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ መልሱን ከእሳቸው ብቻ ነው የምወስደው» አለች ቤዛ።

«ከእሳቸው ከወሰድሽማ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ!»

ስለ ፍርሃትና ጭንቀት ስትጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ወደ ባሕር ዛፉ ማየት ጀመርሁ። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልናገር ስላት «እንመለስበታለን» ብላ አለፈችው። ቀጥላ ከዜሮ እስከ መቶ የተሰመረ፣ እንደ ትኩሳት መለኪያ ያለ ሥዕል አሳየችኝ። መቶው ሰው ሊያስበው የሚችለው ምርጥ ጤና፣ ዜሮው ደግሞ ሊያስበው የሚችለው ክፉ ጤና ነው አለች።

«ዛሬ የት ላይ ነዎት?»

«መቶ።»

«መቶ?»

«ልጄ፣ ፈጣሪ እየሰማኝ ከዚያ በታች ብል ምን ይለኛል?»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ያ ኩሩ እንግዳ ደጅ መጣ። «መጣሁ» ብዬ ዱላዬን አንሥቼ ወደ ባሕር ዛፉ ገሰገስሁ። ከኋላዬ የሻረግ፣ «መቶው ይኸው ወጣ!» ስትል ሰማኋት።

ስመለስ ልጅቱ ሌላ ገጽ ከፍታለች። ሁለት ረድፍ ሣጥኖች ነበሩበት፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ።

«አባባ፣ አሁን በምሳሌ ነው። ቢጫው አሥር ዓመት፣ አሁን ባሉበት ጤና እንዳሉ መኖር ነው። አረንጓዴው ደግሞ ሙሉ ጤና ነው፤ ምንም ምን የማያምዎት። ግን ዓመቱ ያጥር ይሆናል። እኔ እየቀያየርሁ እጠይቅዎታለሁ፣ እርስዎ የሚሻልዎትን ይመርጣሉ።»

«ጤናውን የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ?»

«አይደለም፣ ምሳሌ ነው። ማንም አይሰጥም፣ ማንም አይወስድም።»

«ገባኝ» አልሁ። ገብቶኛልም። ግን እኔ በምሳሌም ቢሆን አልታለልም።

«አሥር ዓመት በሙሉ ጤና ወይስ አሥር ዓመት አሁን ባሉበት?»

«ይኼማ ምን ጥያቄ አለው፣ ሙሉ ጤና።»

«ዛሬውኑ መሞት ወይስ አሥር ዓመት አሁን ባሉበት?»

«ምን አደረግሁሽ ልጄ? አሥሩን።»

«እሺ። አምስት ዓመት በሙሉ ጤና ወይስ አሥር ዓመት አሁን ባሉበት?»

ያኔ ነው የነቃሁት። ይቺ ልጅ ገበያ ቆማለች! መጀመሪያ ሁሉን ሰጠችኝ፣ ቀጥላ ሁሉን ነሣችኝ፣ አሁን ደግሞ መሀል ገባች። ደላላ እንዲህ ነው የሚያደርግ። የእኛ የከብት ገበያ ደግሞ ሕግ አለው። መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም። በልብህ የያዝኸውን አትናገርም። ፊትህን ታጠቁራለህ፣ በሬህን እንደማትሸጥ ሆነህ ትቆማለህ።

«አምስት? አሥሩን እይዛለሁ» አልሁና ፊቴን አጠቆርሁ።

«ስድስት ዓመት በሙሉ ጤናስ?»

ይኸው ጨመረች! «አሥሩን።»

«ሰባትስ?»

ልቤ ድንግጥ አለ፤ ፊቴ ግን ንቅንቅ አላለም። «አሥሩን!» ብዬ ብድግ አልሁ። ትቶ መሄድ ዋናው ነው፤ ገዢ ኋላህን ሲያይ ነው የሚለሰልስ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ የተነሣሁት በብልጠት ብቻ አልነበረም፤ እንግዳው ጠርቶኝ ነው። ሁለቱ ተገጣጠሙልኝ። ስመለስ ልጅቱ፣

«ስምንት ዓመት በሙሉ ጤና?» አለች።

አያችሁ? ሠርቷል። «አሥሩን።»

«ዘጠኝ?»

«ያዢ እጅሽን!» ብዬ መዳፏን መታሁት። «ዘጠኝ በጤና ወሰድሁ። ይባርክልሽ።»

ልጅቱ እጇን እያየች ሳቀች፤ መልሳ ታብሌቷን ነካች። «እሺ... ስምንት ዓመት ተኩል በሙሉ ጤናስ?»

«ምን?»

«ስምንት ተኩል ቢሆንስ?»

«እጅ ከተመታታን በኋላ?»

«እኔ አይደለሁም አባባ፣ መሣሪያው ነው ስድስት ወር ቀንሶ የሚጠይቀው። ልክ የሚቆሙበትን ቦታ ፈልጎ ነው።»

«መሣሪያሽ ቅዳሜ ገበያ ቢወጣ በዱላ ነው የሚባረረው!» አልኋት። ከበሩ ጀርባ ሳቅ ታፈነ። እኔም ተቆጥቼ፣ እውነትም ቸኩዬ፣ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ባሕር ዛፉ ሄድሁ።

እዚያ ቆምሁ። እንግዳው እንደ ልማዱ ኮራ። ከፊቴ የታጨደው ማሳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። ሰው ብቻውን ሆኖ ፊቱን ለማጥቆር ምክንያት የለውም። ሻጭ በገበያ የሚናገረው ዋጋ አለ፣ ማታ ለሚስቱ የሚነግራት ዋጋ አለ። «ካሴ፣ የቤቱ ዋጋህ ስንት ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁት። ሌሊቱን አሰብሁት፤ የጉና ብርድ ሲወርድ ጋቢ ለብሶ እዚህ መቆም። የሻረግ የተኛች መስላ እስክመለስ ትንፋሿን ይዛ መጠበቋ። ቅዳሴ ከተውሁ ወዲህ ቄሱ በመንገድ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ደፍተው ማለፋቸው። ዘጠኝ አይደለም። ስምንት ተኩልም አይደለም። ሰባት ስትለኝ ልቤ ድንግጥ ያለው ለካ ለዚህ ነው።

ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዋጋዬን ከሰው ስደብቅ ኖሬ፣ ለካ ከራሴም ደብቄው ኖሯል።

ተመልሼ ተቀመጥሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ልጄ፣ ሰባት ብለሽ ጻፊ» አልኋት።

«ሰባትን እኮ አልፈልግም ብለው ነበር። በዘጠኝ ነበር የተስማሙት።»

«ዘጠኙ የገበያ ነው። ሰባቱ የቤት ነው።»

ጣቷ ታብሌቱ ላይ ቆመ። «እርግጠኛ ነዎት? ሦስት ዓመት ይተዋሉ ማለት ነው።»

«እተዋለሁ።»

በሩ ተከፈተ። የሻረግ በእንግዳ ፊት አንቱ የምትለኝ ሴት ናት። ያን ቀን ግን፣

«አንተ ሰውዬ!» አለች። «ሦስት ዓመት ሰጠህ?»

«ምሳሌ ነው እኮ!»

«የማንን ዕድሜ ነው በምሳሌ የሰጠኸው?»

«የራሴን ነዋ!»

«የራስህን!» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች መቀናጆ ገብተው፣ በሬያቸውን ጠምደው ያርሳሉ። አንደኛው ለጓደኛው ሳይነግር በሬውን ገበያ ነዳው። የቀረው በሬ በምን ያርሳል? ግማሽ ቀንበር ተሸክሞ ይቁም? አንተ ሽማግሌ ነህ፣ እስቲ ፍረድ!»

እንዲህ ያለውን ነገር ስንት ጊዜ ዳኝቻለሁ። ሁልጊዜ የምፈርደው በነጂው ላይ ነው።

እሷ ግን ገና መግቢያው ላይ ነበረች። «ይሁን። ለዚች ልጅ፣ ዛሬ ላየሃት ልጅ፣ ሦስት ዓመት ዘርግፈህ ሰጠሃት። ያ ሐኪም የለመነህ ምንድን ነው? አንድ ሰኞ። አንዲት ሰኞ ነፈግኸው!»

እንዲህ ያለ ሒሳብ ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት ከእጄ ሲወጣ ቅር አላለኝም፣ አንዲት ሰኞን ግን በሁለት እጄ ጨብጬ ይዣለሁ። እርዳታ ፈልጌ ወደ ልጅቱ ዞርሁ።

«አንቺ ምን ትያለሽ ልጄ?»

«እኔ አስተያየት መስጠት አልተፈቀደልኝም አባባ» አለች። ነገር ግን ሳትነካው የቆየችውን ጣሳ አንሥታ እስከ ታች ጨለጠችው።

«የገሳዮቹስ?» አልሁ ለመጨረሻ ጊዜ ስንፈራገጥ። «ቀን ቆርጬላቸው የለም ወይ?»

«አያቶቻቸው ሲጣሉበት የኖሩት ድንበር አንዲት ሰኞ መቆየት ያቅተዋል?» አለች የሻረግ።

ቤዛ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አባባ፣ ያለፍናት አንድ ጥያቄ አለች። ፍርሃት ወይም ጭንቀት። የለብኝም፣ ትንሽ አለብኝ፣ መካከለኛ፣ ከባድ...»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

ጣቷን አንሥታ ጠበቀች። የሻረግም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጠበቀች። ሁለት ሴቶች እንደዚያ ሲጠብቁ ወንድ ልጅ የት ይገባል?

«እፈራለሁ» አልሁ። «ቢላዋውን ነው የምፈራው። ተኝቼ ባልነሣስ? ይቺን ሴት ደህና ዋይ ሳልላት ብቀርስ?»

«የቱን ልበለው?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

«ከባድ በይው።»

የሻረግ ምንም አላለችም። ያን ጊዜ ግን ዝምታዋ አላስፈራኝም። የነጠላዋን ጫፍ ስታጣጥፍ ቆየችና፣ «ታዲያ ይህን ብትነግረኝ ምን ነበር? እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ ነው ስጨቀጭቅህ የኖርሁት» አለች።

ቅዳሜ ገበያ አልወጣሁም። ለገሳዮቹ በስልክ ቀኑን አዞርሁት፤ ሁለቱም ወገኖች እኩል ተቆጡኝ፣ እኔም ሽምግልናው ሊሠምር ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሑድ ቅዳሴ ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምሁ። ሰኞ ሲነጋ መደቡን ይዤ አልነሣም አልሁ። የሻረግ ዱላዬን ይዛ ቀድማ መንገድ ወጣች። ያለ ዱላ የትም እንደማልሄድ ታውቃለች፤ ዱላዬን ተከትዬ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ሆስፒታል አልጋው ላይ ሊያወጡኝ ሲሉ ሐኪሙን እጁን ያዝሁት።

«ልጄ፣ ሳላንቀላፋ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ባልነቃ...»

«አያንቀላፉም አባባ። የሚደነዝዘው ከወገብዎ በታች ብቻ ነው። ነቅተው እየተጫወትን ነው የምንሠራው። ያን ጊዜ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ለካ ከ«ግን» ወዲያ ያለው ይህ ኖሯል! የፈራሁት ሁሉ ላልተኛሁት እንቅልፍ ነው። እሱ ሲሠራ እኔ ስለ በሬ ዋጋ አወራሁለት። እንደ ሸማ በመሀላችን ያንጠለጠሉት መጋረጃ ባይከልለው ኖሮ እጁን መትቼ ዋጋ እጨርስ ነበር።

ጥቂት ቀን የሽንት ቱቦ ይዤ ተኛሁ፤ ደስ የሚል አይደለም፣ አልዋሻችሁም። ቱቦው የወጣ ዕለት ግን ያ ኩሩ እንግዳ ሳይለመን ገባ። የሻረግ ከውጭ ሆና ሰምታ እልል ብላ ልታዋርደኝ ነበር፤ ነርሷ አፏን ያዘችልኝ።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ እኩዮቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ያቺ ልጅ መድኃኒት አልሰጠችኝም፣ ምክርም አልሰጠችኝም። ጠየቀችኝ፤ ጠይቃ ደግሞ ጠበቀች። እኛ አገር «እንዴት ነህ?» የማይልህ ሰው የለም፤ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ግን ስንት ነው? እኛም ብንሆን ሰው እንዲጠብቀን አንፈቅድም፣ በምስጋናው በኩል አድርገን እናልፈዋለን። ፈጣሪን አመስግኑ፤ እኔም እስከ ዛሬ በሱ ነው የምጀምረው። ነገር ግን መግቢያው ላይ አትቁሙ፤ ቤቱ ውስጥ ያመማችሁን ነገር ተናገሩ። ደግሞ ሰው ዓመት ቆጥሮ የሚሰጥለት ሕመም ካለበት፣ እስቲ መጀመሪያ አንድ ቀን ይስጠው። ያቺ የጻፈችው ሰባት ከሌላው ሰው መልስ ጋር ተደምሮ ምን እንደሆነ አላውቅም። አሁን መጥታ ብትጠይቀኝ ግማሽ ወርም አልሰጣትም፤ ከመቀናጆ ጓደኛዬ ሳልማከርማ አንድ ቀንም!

ከሆስፒታል ተመልሰን ቁስሌ ከዳነ በኋላ፣ አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ በመስኮቱ ፀሐይ ገብቷል። ነግቷል። ሌሊቱን አንድም ጊዜ አልተነሣሁም። ዞር ስል የሻረግ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሻል?» አልኋት።

«ሳትነሣ ቀረህ» አለች። «ሞተህ ይሆን ብዬ ስትተነፍስ ሳዳምጥ አደርሁ።»

«ታዲያ አትቀሰቅሺኝም?»

«ከሞትህ ብቀሰቅስህም አትነሣም፤ ካልሞትህ ምን ብዬ እቀሰቅስሃለሁ?» አለችና ጋቢውን ከላዬ ስባ ወሰደችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወዲያው እንቅልፍ ጣላት።

እኔም ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ በሩን እንዳይጮህ ደግፌ ዘጋሁና ከብቶቹን ራሴ ፈታሁ።